«ኡሆፍሊ»፦ ኖርዌዮች ባለጌን የሚጠሩበት ቃል ከየት መጣ? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ኖርዌይኛ የጀመረ ሰው ይህን ቃል ብዙም ሳይቆይ ይሰማዋል። ወይ ስለ ሌላ ሰው ሲወራ፣ ወይ (አያድርስ) ስለ ራሱ። ትርጉሙ ባለጌ፣ ሥርዓት የማያውቅ፣ ጨዋነት የጎደለው ማለት ነው። ታሪኩ ግን ከትርጉሙ ይበልጣል፤ ነጋዴ አለበት፣ ደረቅ ዓሣ አለበት፣ ንጉሥ የሌለበት ቤተ መንግሥትም አለበት። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ እንዴት ነው የሚነበበው?

ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «ግ» አለው። ሲነገር ግን «ግ» ትዋጣለች፣ ስለዚህ «ኡሆፍሊ» ነው። መሃል ላይ ያለችው «ሆ» ደግሞ የኛ «ሆ» አይደለችም። ከንፈራችሁን «ኦ» ልትሉ አሹሉና ምላሳችሁን «ኤ» በሚባልበት ቦታ አስቀምጡት። የሚወጣው ድምፅ ደስ ላይል ይችላል፣ ግን እሱ ነው። በፊደላችን የሚወክለው ስለሌለ እዚህ «ሆ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

በአጭሩ ምንጩ ምንድን ነው?

ቃሉ ሁለት ቁራጭ ነው። «ኡ» ማለት «ያልሆነ»፣ «ሆፍሊ» ማለት «ጨዋ»። «ሆፍሊ» የመጣው በመካከለኛው ዘመን ሰሜን ጀርመን ይነገር ከነበረው የቆላ ጀርመንኛ ነው። (ቆላ የምለው አገሩ ወደ ባሕሩ ዝቅ ያለ ሜዳ ስለሆነ ነው እንጂ ቋንቋውን ንቄ አይደለም።) እዚያ ቃሉ «ሆቨሊክ» ነበር፣ ሥሩ ደግሞ «ሆፍ»።

«ሆፍ» ማለት ግቢ ነው። የዛሬውም ጀርመንኛ ቃሉን እንደዚያው ይዞታል። የገበሬው ግቢ ሆፍ ነው፣ የንጉሡም ግቢ ሆፍ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኛም «ግቢያችን ውስጥ ውሃ የለም» እንላለን፣ «ግቢ ገብቶ ንጉሡን አገኘ» እንላለን፣ ማንም አይምታታበትም። እና «ሆፍሊ» የግቢ ሰው፣ ግቢ የገራው ማለት ነበር። «ኡሆፍሊ» ግቢ ያልገራው።

ግን ግቢ እንዴት ብሎ ጨዋነት ሆነ?

በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ እንዴት እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚነገር፣ ሴት ፊት እንዴት እንደሚቆም ፋሽኑን የሚያወጣው የመሳፍንቱ ቤት ነበር። መጀመሪያ የመጣው ከፈረንሳይ ነው። ፈረንሳዮቹ «ኩር» ከሚሉት ግቢ «ኩርቷ» የሚል ቅጽል አወጡ፣ የእንግሊዝኛው «ከርተሲ» የመጣው ከዚያው ዘር ነው። ጀርመኖቹ ያንኑ ሐሳብ በራሳቸው «ሆፍ» ሠሩት። ከአንዱ ሥር ሁለት ሦስት ቃል ወጣ። አንደኛው ሆፍሊ። ሌላው «ሆቪስክ»፣ ኖርዌይኛ ውስጥ ዛሬም አለ ግን የሚያወጣው ሰው ካባ የለበሰ ነው የሚመስለው። የዚሁ የሆቪስክ የጀርመን ዘመድ ድምፁ ተለዋውጦ «ሂብሽ» ሆነና ዛሬ «ቆንጆ» ማለት ነው። ግቢ የገባ ሰው ጨዋም ቆንጆም ይሆናል ብለው ያሰቡ ይመስላል።

«ሆፍ» ውስጥ የነበረው «ኦ»፣ ቃሉ ሲረዝም ኋላው ላይ ባለው «ኢ» ተስቦ ወደ ፊት መጣ፤ ያቺ አስቸጋሪ ድምፅ የተፈጠረችው እንደዚያ ነው። በጀርመናዊ ቋንቋዎች ይህ የተለመደ ነገር ነው።

ኖርዌይ ውስጥ የ«ሆፍ» ዘመዶች ዛሬም በየቦታው አሉ። የንጉሡ ቤተ መንግሥት ሰዎች በጠቅላላ «ሆፍ» ናቸው። የንጉሥ አጫዋች «ሆፍናር» ይባላል። ደህና ሬስቶራንት ገብታችሁ የሚቀበላችሁ የአስተናጋጆች አለቃ «ሆቭመስተር» ነው፣ ማለትም የግቢው አዛዥ።

የኛውም «ጨዋ» ከዚህ ብዙ የራቀ መንገድ አልመጣም። በመካከለኛው ዘመን ጨዋ ይባል የነበረው የንጉሥ ጦር ነው። ኋላ ነው ደህና ሰው፣ አስተዳደጉ የሠመረ ሰው ወደሚለው የዞረው።

ኖርዌይ ውስጥ ማን አስገባው?

ባብዛኛው ነጋዴ ነው የቆላ ጀርመንኛን ያመጣው። ሐንሳ የሚባለው የሰሜን ጀርመን ከተሞች የንግድ ማኅበር በ1360 አካባቢ ቤርገን ውስጥ ቋሚ ጽሕፈት ቤት አቋቋመ። «ኮንቶር» ይሉታል። ዛሬ ኖርዌይኛ ውስጥ ማንኛውም ቢሮ «ኮንቶር» ነው። የሚነግዱት ከሰሜን ኖርዌይ በሚመጣ ዓሣ ነበር፤ ያለ ጨው በንፋስ ብቻ ደርቆ እንጨት የሆነ የኮድ ዓሣ። በምትኩ እህል ያስገባሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በ1349 ጥቁሩ ሞት አገሩን አራቁቶት ስለነበር ኖርዌይ ያኔ ተገዳድራ የምትቆም አልነበረችም።

ሰፈራቸው ብሪገን ይባላል። የፊቱ ረድፍ የእንጨት ቤቶች ዛሬ በፖስትካርድ የምታዩዋቸው ናቸው፣ ከ1979 ጀምሮም በዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ አሉ። አሁን የቆሙት አብዛኞቹ ከ1702ቱ ቃጠሎ በኋላ በዱሮው አሠራር የተሠሩ ናቸው። ኑሮው ግን ፖስትካርድ አይመስልም ነበር። ወንድ ብቻ ነው የሚኖረው፣ ማግባት ክልክል። እሳት ስለሚፈራ የእንጨት ቤቱ ውስጥ ማንደድ አይቻልም። በዚያ የቤርገን ዝናብና ብርድ ሙቀት የሚገኘው ከኋላ ለብቻቸው በተሠሩ የጋራ አዳራሾች ነው፤ ምግብም የሚበላው እዚያ ነው።

አዲስ የመጣ ልጅ ደግሞ «ጨዋታ» በሚሉት ነገር ያልፋል። ጢስ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ በገመድ ይሰቅሉትና ጢሱ እያፈነው ጥያቄ ይጠይቁታል። ሌላ ጊዜ ወደቡ ውስጥ ይነክሩታል፣ ሲወጣ ግርፊያ አለ። እንግዲህ ጨዋነት የሚለውን ቃል ያመጣው ቋንቋ ሲነገር የነበረው በነዚህ ሰዎች አፍ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያስቀኛል።

ቤርገን ብቻዋን አይደለችም፣ ኦስሎም ተንስበርግም የጀርመን ነጋዴ ነበረባቸው። ሌላው በር ደግሞ ዴንማርክ ነበረች። ከ1380 ጀምሮ ኖርዌይና ዴንማርክ አንድ ንጉሥ ነበራቸው፣ ቀስ በቀስም የጽሑፍ ቋንቋው ዴንማርክኛ ሆነ። ዴንማርክኛው ራሱ በቆላ ጀርመንኛ ተነክሯል። ስለዚህ ቃላቱ በወደብም በወረቀትም ገቡ። «ማውራት» የሚለው «ስናከ»፣ «መክፈል» የሚለው «ቤታለ»፣ «መሆን» የሚለው «ብሊ»፣ ልብስ ሰፊው «ስክሬደር»፣ ሁሉም ከዚያ ናቸው። ይባስ ብሎ «ቋንቋ» የሚለው ቃል ራሱ፣ «ስፕሮክ»፣ ከቆላ ጀርመንኛ የተበደሩት ነው።

ከዚያ በፊትስ? ቫይኪንጎቹ ለብልግና ቃል አልነበራቸውም?

ነበራቸው እንጂ። ጀርመኖቹ ብቻ አልነበሩም የግቢ ሥርዓት ያስተማሯቸው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ሆኮን ሆኮንሶን ዘመን የኖርዌይ ቤተ መንግሥት ራሱን የቻለ ነበር፣ ዓይኑ ደግሞ ፈረንሳይ ላይ። የፈረንሳዩን «ኩርቷ» ወስደው «ኩርተይስ» አሉት። በ1250ዎቹ አካባቢ የተጻፈ «የንጉሥ መስታወት» የሚባል መጽሐፍ አለ፣ አባት ልጁን የሚመክርበት። ንጉሥ ፊት ስትቀርብ ካባህን አውልቅ፣ ፀጉርህን አበጥር፣ ጢምህን አስተካክል፣ በቀኝ እጅህ የግራህን አንጓ ይዘህ ቁም ይለዋል። እኛ አገር ጌታ ፊት የሚቀርብ ሰው ሸማውን እንደሚያደገድገው ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሥርዓት ምን ዋጠው? ንጉሡ ሄደ።

ማለት? ኖርዌይ ቤተ መንግሥት አልነበራትም?

ለ500 ዓመት ያህል የራሷ የሚባል አልነበራትም። ለኔ የዚህ ቃል ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። እስከ 1814 ድረስ ንጉሡ ኮፐንሃገን ነው። ከ1814 እስከ 1905 ድረስ ደግሞ ስቶክሆልም። በ1821 ፓርላማው የመኳንንት ማዕረግ እንዲቀር ሕግ አወጣ፤ በሕይወት ያሉት ይዘውት ይሙቱ፣ ከዚያ በኋላ አይወረስም ተባለ። ንጉሡ አልፈለገውም ነበር። ፓርላማው ግን እየደጋገመ አጽድቆ አስፈጸመው። የራሳቸው ንጉሥ መጥቶ ኦስሎ የገባው በ1905 ነው፣ እሱም የዴንማርክ ልዑል የነበረ፣ ሕዝቡ በድምፅ ተጠይቆ የተቀበለው።

እስቲ አስቡት። «ግቢ ያልገራው» የሚል ስድብ ይዘው የሚኖሩት ግቢ የሌላቸው ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ጎንበስ የሚሉለት ጌታ በአካባቢው የለም። ካህኑና የመንግሥት ሹሙ አሉ፣ እነሱም ዴንማርክኛ የሚጽፉ። ቃሉ ቀረ፣ ይዘቱ ግን ተገለበጠ። ሌላ አገር ብልግና ማለት የበላይን አለማክበር ሆኖ ሲቀር፣ እዚያ ሰውን ማስቸገር፣ ቦታውን መሻማት፣ ከሌላው በላይ ነኝ ማለት ሆነ። የዛሬ ኖርዌያዊ «ኡሆፍሊ» ሲል ስለ ንጉሥ ግቢ ትዝ አይለውም። ወረፋ የቆረጠ ሰው ነው የሚታየው።

«ኡ» ሁልጊዜ አፍራሽ ናት?

ባብዛኛው አዎ፣ ከግዕዝ እንደወረስናት «ኢ» ናት፤ ኢፍትሐዊ፣ ኢሰብአዊ እንደምንለው። ግን «ኡ» ሌላ አመልም አላት። አንዳንዴ «የሌለ» ሳይሆን «መጥፎ» ማለት ትሆናለች። «ቬር» የአየር ሁኔታ ነው፣ «ኡቬር» ደግሞ ዶፍና አውሎ ነፋስ። «ግሬስ» ሣር፣ «ኡግሬስ» አረም። «ዲር» እንስሳ፣ «ኡዲር» አውሬ። ኡሆፍሊ ውስጥ ያለችው የመጀመሪያዋ ናት፣ ተራዋ «ያልሆነ»።

ከፈረስ ኮቴ ጋር ይያያዛል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

አይደለም። ኮቴ በኖርዌይኛ «ሆቭ» ስለሚባል ነው ግምቱ የመጣው። የድሮው የአማልክት ቤተ አምልኮም «ሆቭ» ነበር፣ ኖርዌይ ውስጥ ሆቭ የሚባሉ ቦታዎች ከዚያ የቀሩ ናቸው። ይህኛው ግን ከጀርመኑ «ሆፍ» ጋር የአንድ አያት ልጅ ነው፤ ኖርዌይ የቀረው መቅደስ ሆነ፣ ጀርመን ያለው ግቢ ሆነ። ኮቴው ባዕድ ነው።

«ኡቤሆቭለት»ስ? እሱም ባለጌ ማለት ነው፣ ድምፁም ይመሳሰላል።

ይመሳሰላል እንጂ ዘመድ አይደለም። ይህኛው የመጣው ከአናጢ ቤት ነው። «ሆቨል» ማለት መላጊያ ነው፣ እንጨት የሚላግበት። ኡቤሆቭለት ማለት ያልተላገ። ስንጥሩ ያልተነሣለት ሰው፣ የነካው እጁን የሚወጋው። ጀርመኖቹም በራሳቸው ቃል ልክ እንደዚሁ ይላሉ።

መላጊያ ካነሣን አይቀር፣ እያንዳንዱ የኖርዌይ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ መላጊያ አለ። «ኡስተሆቨል» ይባላል፣ የአይብ መላጊያ። ቶር ቢዮርክሉንድ የሚባል የሊልሃመር አናጢ በ1925 የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው። አካፋ የመሰለ ጠፍጣፋ ብረት፣ መሃሉ ላይ ስንጥቅ አለው፣ የስንጥቁ አንዱ ጠርዝ ስለት ነው። ከላይ ስትጎትቱት ወረቀት የምታህል የአይብ ቁራጭ በስንጥቁ ታልፋለች፣ ልክ ከእንጨት ላይ ፍቅፋቂ እንደሚወጣው። አይቡን ከአንድ ወገን ብቻ ቆፍሮ የበረዶ መንሸራተቻ ያስመሰለው ሰው በዚያ ቤት ስሙ ይነሣል።

«ፍሬክ» እና «ኡሆፍሊ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ኡሆፍሊ ሥርዓት ያላወቀ ነው፤ ሳያውቅም ሊሆን ይችላል። ፍሬክ ግን ዓይን አውጣ ነው፣ እያወቀ። እና ፍሬክ በዕድሜ ይበልጣል። በጥንቱ ኖርስ «ፍሬክር» ማለት ስግብግብ፣ ሆዱ የማይሞላ ማለት ነበር። ኦዲን የሚባለው ዋናው አምላካቸው ሁለት ተኩላዎች ነበሩት፣ ጌሪ እና ፍሬኪ፣ የሁለቱም ስም ስግብግብ ማለት ነው። በተረቱ ኦዲን ራሱ ምግብ አይበላም፣ ገበታው ላይ የቀረበለትን ለነሱ ይወረውራል። በኋላ የጀርመኑ አቻ ቃል ተጽዕኖ አደረገበትና ከሆድ ወደ ዓይን ዞረ፤ ከስግብግብ ወደ ደፋር። ዴንማርኮቹ ጋ ሲደርስ ደግሞ ወደ ወሲብ ያዘነበለ ቀልድ ውስጥ ገብቷል፣ እና ኮፐንሃገን ውስጥ ቃሉን ስትጠቀሙ ተጠንቀቁ።

ኖርዌዮች ያለ ምንም ሐፍረት ያልተገባውን ለሚጠይቅ ሰው «የፍሬክነት ጸጋ አለው» ይላሉ። ጸጋ የሚለውን ቃል በቀጥታ ከቤተ ክርስቲያን አንሥተው ነው። እኔ ከስድባቸው ሁሉ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

ሌሎቹንስ ባጭሩ?

«ኡፎርስካመት»፦ «ስካም» ሐፍረት ነው፣ ሐፍረተ ቢስ ማለት ነው፤ እሱም ከቆላ ጀርመንኛ። «ኡኦፕድራገን»፦ ቃል በቃል ወደ ላይ ያልተሳበ፣ ማለትም ያላሳደጉት። አማርኛው አሳዳጊ የበደለው ይላል፣ ስድ አደግም ይላል፣ በደንብ ይገጥማል። ልብ በሉ፣ ልጅ ላይ ከተባለ ስድቡ ወላጅም ይነካል። «ኡዳነት»፦ ያልተቀረጸ፣ ትምህርትና ባህል ያልነካው፤ ትንሽ ንቀት አለበት። እና «ፎልከሺክ የለውም» ይላሉ፣ የሰው ወግ የለውም እንደማለት። ይሄ የመጨረሻው በጣም ይሠራበታል፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎች ስለ ወጣት ሲያወሩ።

ታዲያ ለምንድን ነው ኖርዌዮች ራሳቸው ባለጌ የሚመስሉት?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከኛ ሰው ነው፣ አይፈረድበትም። አንደኛ፣ «እባክህ» የሚለው የዕለት ተዕለት ቃል የላቸውም። «ቬር ሶ ስኒል» አለ፣ «ደግ ሁንልኝ» ማለት ነው፣ ግን ቡና ለማዘዝ ካወጣችሁት ልመና ይመስላል። እነሱ «ካን ያይ ፎ» ብለው ይጀምራሉ፣ «ላገኝ እችላለሁ?» እንደማለት፣ «ታክ» ብለው ይጨርሳሉ፣ አለቀ።

ሁለተኛ፣ አንቱታ የለም ማለት ይቻላል። ነበረ፣ «ዲ» ይሉት ነበር። ከ1960ዎቹና 70ዎቹ ወዲህ እየሞተ መጣና አሁን ተማሪ መምህሩን፣ በሽተኛ ሐኪሙን፣ ጋዜጠኛ ጠቅላይ ሚኒስትሩን «ዱ» ይላል፣ አንተ። ዛሬ አንድን ሰው «ዲ» ብትሉት አክብሮት ሳይሆን ርቀት ሊመስለው ይችላል። እርስዎ እያለ ላደገ ሰው ጥርስ የሚያሳክክ ነገር ነው፣ ግን ይለመዳል።

ሦስተኛው ገበታ ነው። «የኖርዌይ ክንድ» የሚባል ነገር አለ፣ ራሳቸው ናቸው ያወጡት ስም። ድንቹ ከጎረቤትህ ሳህን ወዲያ ነው እንበል። «አቀብለኝ» አትልም፣ ክንድህን በሱ ሳህን ላይ አሻግረህ ትወስዳለህ። የሚበላውን ሰው ማቋረጥ ይበልጥ ያስቸግራል ብለው ነው። ከፊት ለፊትህ ብላ ተብሎ ላደገ ሰው ይህ ነውር ነው። ግን ያው ሰው ከማዕድ ሲነሣ ያለ «ታክ ፎር ማተን» አይነሣም፣ ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ ልጅም አዋቂም ይላታል። ከሳምንታት በፊት ቤታችሁ የመጣ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ «ታክ ፎር ሲስት» ይላል፣ ስላለፈው አመሰግናለሁ። እኛ ያንን ረስተነዋል። እነሱ ካልተባለላቸው ነው ቅር የሚላቸው።

በኒኖርስክስ (ከሁለቱ የኖርዌይኛ የጽሑፍ ቋንቋዎች በአንዱ) ቃሉ አለ?

አለ፣ «ኡሆፍሌግ» ተብሎ ይጻፋል። ግን ጉዳዩ ትንሽ ታሪክ አለው። ኢቫር ኦሰን የሚባል የኧርስታ ገበሬ ልጅ በ1840ዎቹ የገጠሩን ዘዬ እየዞረ ሰብስቦ ከዴንማርክኛ የተለየ የኖርዌይ የጽሑፍ ቋንቋ ሠራ። በ1885 ፓርላማው ከዴንማርክኛው የጽሑፍ ቋንቋ ጋር እኩል አደረገው፣ ከ1929 ጀምሮ ኒኖርስክ ይባላል። ኦሰን በጀርመንኛ መነሻና መድረሻ የተሠሩ ቃላትን አይወድም ነበር። በኋላም ስንት ቃል በዚያ ወንፊት ተነፍቶ ወድቋል። ሆፍሊ ግን አለፈ። የጀርመን ግቢ ሽታ ያለበት ቃል የገበሬውን ቋንቋ ሰብሮ ገብቶ ቁጭ አለ።

አንድን ሰው «ኡሆፍሊ» ነህ ብለው ምን ይሆናል?

ስድብ አይደለም፣ ወቀሳ ነው። ግን ኖርዌይ ውስጥ ፊት ለፊት ወቀሳ ራሱ ከባድ ነው። ስለዚህ ሰውየውን ትታችሁ ድርጊቱን ያዙ፦ «ይሄ ኡሆፍሊ ነበር» በሉ እንጂ «አንተ ኡሆፍሊ ነህ» አትበሉ። «ፍሬክ» ለጓደኛ በሳቅ ይባላል። «ኡፎርስካመት» ግን በእውነት ተናድዳችሁ ካልሆነ አታውጡት፤ አለቃ ላይማ ጭራሽ።